ሳኒታይዘር ጀርም ይገድላል፣ መድኃኒት ግን አያጥብም፦ ቤት ውስጥ መድኃኒት ለሚሰጥ ሰው የእጅ ንጽሕና

ጥያቄ፦ «አባቴን ቤት ውስጥ የማስታምመው እኔ ነኝ። ጠዋትና ማታ የግላኮማ ጠብታ ዓይናቸው ላይ አደርጋለሁ፤ ስኳራቸውን ለክቼ ኢንሱሊን በፔን (እስክሪብቶ በሚመስለው መውጊያ) እወጋቸዋለሁ፤ ለመገጣጠሚያ ሕመማቸው በሳምንት አንድ ቀን ሜቶትሬክሴት ይወስዳሉ፤ ክንዳቸው ላይ ላለው ኤግዚማ ደግሞ የስቴሮይድ ክሬም ታዞላቸዋል። እኔ ሥራ ላይ ስሆን የምትሰጣቸው ባለቤቴ ናት፤ እሷ ደግሞ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከእያንዳንዱ መድኃኒት በፊት እጃችንን በሳኒታይዘር እናሻለን። ይበቃል? ጓንትስ ማድረግ አለብን?»

ምላሽ፦ አጭሩ መልስ ይህ ነው። መድኃኒቱን ከመስጠትዎ በፊት፣ እጅዎ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለ፣ ሳኒታይዘር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከሰጡ በኋላ ግን አይበቃም፤ ሳሙናና ውኃ ያስፈልጋል። ጓንት ከዘረዘሯቸው ውስጥ የግድ የሚለው ለሜቶትሬክሴቱ ነው። ባለቤትዎ ደግሞ ሜቶትሬክሴቱን ጭራሽ ባይሰጡ ይሻላል፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ እርስዎ ቤት የሚኖሩበትን ቀን መምረጥ አያስቸግርም።

ልዩነቱ የሚመጣው «በፊት» እና «በኋላ» የምንታጠበው ለተለያየ ምክንያት ስለሆነ ነው። በፊት የምንታጠበው ታማሚውንም መድኃኒቱንም ከእኛ ጀርም ለመጠበቅ ነው። በኋላ የምንታጠበው ራሳችንንና ቤተሰቡን ከመድኃኒቱ ለመጠበቅ ነው፤ እዚህ የሚያሰጋው ጣት ላይ የቀረ ክሬም፣ የክኒን ብናኝ፣ የፈሰሰ ጠብታ ነው። አልኮል ጀርም ይገድላል፤ እጅ ላይ ያለን ነገር ግን አንሥቶ አይወስድም። ክሬም የነካ ጣት በሳኒታይዘር ሲታሽ ክሬሙ ይቀጥንና ለሁለቱም እጅ ይዳረሳል። ሰው ይህን ሳያውቅ «አጸዳሁ» ብሎ ዓይኑን ያሻል፣ ልጅ ያቅፋል፣ ምግብ ይነካል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መድኃኒት መጠየቅ ያለብዎ ጥያቄ «የትኛው ወገን ነው የሚጎዳው?» የሚለው ነው። የዓይን ጠብታና ኢንሱሊን ላይ ጥንቃቄው በዋናነት «በፊት» ላይ ነው። ክሬሙና ሜቶትሬክሴቱ ላይ «በኋላ» ይከብዳል።

አስተጣጠቡ

ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ፤ ከቀለበት ሥር ሳሙና አይደርስም፣ ክሬምም የሚደበቀው እዚያው ነው። እጅዎን በሚፈስ ውኃ ያርጥቡ፣ ሳሙና ይውሰዱ፣ ቢያንስ 20 ሰከንድ ይሹ። ከማርጠብ እስከ ማድረቅ ሲቆጠር ሙሉ ሂደቱ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። መዳፍ ለመዳፍ ማሸት ማንም አይረሳም። የሚረሱት አውራ ጣት፣ የጣት ጫፎችና በጣቶች መካከል ያለው ቦታ ናቸው፤ ጠብታውን የሚጨምቁት፣ ክኒኑን የሚይዙት ደግሞ እነዚሁ ናቸው። አውራ ጣትን በሌላው እጅ ጨብጠው ያዙሩት፤ የአምስቱን ጣቶች ጫፍ አንድ ላይ ገጥመው ተቃራኒው መዳፍ ላይ ይሹ፤ ጣቶችን አጠላልፈው ይፈትጉ። ጥፍር አጭር ይሁን። ሰው ሠራሽ ጥፍር ያለው ሰው ሥሩን ማጽዳት ስለማይችል የዓይን ጠብታ ባይሰጥ እመርጣለሁ።

ውኃው ሙቅ መሆኑ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ቆዳን ያደርቃል እንጂ። ቧንቧ ከሌለ ሌላ ሰው ከጆግ ቢያንቆረቁርልዎ ያው ነው፤ ሳፋ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ መለቅለቅ ግን የወጣውን ቆሻሻ መልሶ መቀባት ነው። «ፀረ ባክቴሪያ» ለሚል ሳሙና ተጨማሪ ገንዘብ አያውጡ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ትሪክሎሳንን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮችን ለቤት ከሚሸጡ መታጠቢያ ሳሙናዎች ያስወጣው፣ ከተራ ሳሙናና ውኃ እንደሚበልጡና ለረጅም ጊዜ አገልግሎት እንደማይጎዱ አምራቾቹ ማሳየት ስላልቻሉ ነው።

ማድረቅ የመታጠቡ አንድ ክፍል ነው። እርጥብ እጅ ከደረቅ እጅ የበለጠ ጀርም ያስተላልፋል፤ በተጨማሪም እርጥበት ክኒን ያሟሟል፣ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ያበላሻል። ለዚሁ ብቻ የተመደበ ንጹሕ ፎጣ ወይም የወረቀት ፎጣ ይጠቀሙ፤ ቧንቧውንም በእሱ ይዝጉ። ከዚያ ወዲያ ስልክዎን አይንኩ። በጥሩ ሁኔታ ታጥቦ፣ «የስንት ሰዓቱ ነበር?» ብሎ ስልኩን አንሥቶ፣ ቀጥሎ የዓይን ጠብታ የሚሰጥ ሰው ጭራሽ ያልታጠበ ያህል ነው። የመድኃኒቱን ስምና መጠን መጀመሪያ ያንብቡ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ በተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ፣ ክዳን የሚላላውን ያላሉ፤ መታጠብ የመጨረሻው ይሁን።

ሳኒታይዘር ሲጠቀሙ አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ መሆኑን ጠርሙሱ ላይ ያረጋግጡ። «በጨመረ ቁጥር ይሻላል» የሚባለው ግን ትክክል አይደለም። ንጹሕ አልኮል ውኃ ከተቀላቀለበት ያንሳል፤ የጀርሙን ፕሮቲን ለማበላሸት ውኃም ስለሚያስፈልግ ከ60 እስከ 80 በመቶ ያለው ተመራጭ ነው። መጠኑ መዳፍ የሚሞላ ይሁን፣ 3 ሚሊ ሊትር ገደማ፤ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በራሱ እስኪደርቅ ይታሻል። አንድ ጠብታ ቀብቶ በልብስ መጥረግ ምንም አይሠራም። እጅ ቅባት ወይም ደም ከነካ፣ ወይም ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ ሳኒታይዘሩን ይተዉትና ሳሙና ይጠቀሙ፤ ከአንቲባዮቲክ በኋላ የሚመጣውን ከባድ ተቅማጥ የሚያስከትለው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ በአልኮል አይሞትም።

ቅደም ተከተሉ

ጠዋት ላይ አራቱም ከተገጣጠሙ ከዓይን ይጀምሩ፣ በክሬም ይጨርሱ። ዓይን ለጀርምም ለመድኃኒት ርዝራዥም ከሁሉ የበለጠ ስስ ነው፤ ስለዚህ እጅዎ ገና እንደታጠበ ይሰጠው። ቀጥሎ የስኳር ልኬትና ኢንሱሊን፣ ቀጥሎ የሚዋጥ ክኒን፣ መጨረሻ ክሬም። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዱ ሁለት ሙሉ የሳሙና መታጠብ ይበቃዎታል፤ አንዱ መጀመሪያ፣ አንዱ መጨረሻ። መካከል ላይ፣ በተለይ ከዓይን ወደ መርፌ ሲያልፉ፣ ሳኒታይዘሩ ቦታው ነው። ሜቶትሬክሴቱ ከዚህ ሰልፍ ውጭ ነው፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ምን ይሆናል? ለአባትዎ የተለየ አደጋ አለው። ስቴሮይድ ዓይን ውስጥ ሲገባ የዓይንን ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ ግላኮማ ያለበት ሰው ደግሞ ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል። ክሬም የነካ ጣት የዓይን ቆብ ሲጎትት በአንድ እጅ ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት እየሰጡ በሌላው የሚጨምር ሰጡ ማለት ነው። አንድ ቀን ቢሆን የሚያመጣው ነገር ላይኖር ይችላል፤ በየቀኑ ለወራት ከተደጋገመ ግን ሐኪሙ «ጠብታው ለምን አልሠራም?» ብሎ መድኃኒት ይጨምራል፤ ማንም ክሬሙን አይጠረጥርም። አባትዎም ክንዳቸውን አክከው ዓይናቸውን እንዳያሹ ይንገሯቸው፤ ክሬሙ ሲቀባ የእሳቸው እጅ ከነካም ይታጠብ።

የዓይን ጠብታ

እጅ ታጥቦ ደርቋል። ሳኒታይዘር ከሆነ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ አልኮል ዓይንን ያቃጥላል። አባትዎ ቀና ብለው ወይም ጋደም ብለው ጣሪያ ይመልከቱ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ከጉንጭ በኩል በጣት ወደ ታች ሳብ ሲያደርጉት ኪስ ይፈጠራል፤ ጠብታው የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። ጠርሙሱን የያዘው እጅዎ ግንባራቸው ላይ ቢደገፍ አይንቀጠቀጥም። የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍት፣ ቆብም፣ ጣትዎንም አይንካ።

ይህ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ለምን እንደሚደጋገም ብዙ ሰው አያውቅም። ጠርሙሱን ጨምቀው ሲለቁት ወደ ቅርጹ ሲመለስ በጫፉ በኩል አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ጫፉ ሽፋሽፍት ላይ ከሆነ ከአየሩ ጋር እንባና ጀርም ይሳባል። ከዚያ ወዲያ የተበከለው ጫፉ ብቻ አይደለም፤ ጠርሙሱ ሙሉ ነው፣ በቀን ሁለት ጊዜም ዓይን ውስጥ ይገባል። በተለይ ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ እርጥብ ቦታ ይወዳል፤ ኮርኒያ (የዓይን ፊት ላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን) ላይ ከተቀመጠ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ጫፉ ከነካ በጨርቅም በአልኮልም አይጥረጉት፤ ጥሩው መፍትሔ ጠርሙሱን መቀየር ነው። ክዳኑን ሲያወልቁ አፉን ወደ ላይ አድርገው ወይም በጎኑ ንጹሕ ወረቀት ላይ ያስቀምጡት፤ ጠረጴዛው ላይ አይድፉት።

አንድ ጠብታ ይበቃል። ዓይን የሚይዘው ፈሳሽ ከአንድ ጠብታ ያነሰ ስለሆነ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ይፈሳል። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይናቸውን ሳይጨምቁ ይጨፍኑ፤ እርስዎ ከአፍንጫ ጎን ያለውን የዓይን ማዕዘን በንጹሕ ጣት አንድ ሁለት ደቂቃ ጫን ይበሉ። እዚያ ያለው የእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፤ መድኃኒቱ በእሱ በኩል ወደ ደም ይገባል። ጠብታው ቲሞሎል ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የልብ ምት ሊያዘገይ፣ አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። የፈሰሰውን በንጹሕ ሶፍት ይጥረጉ፤ እንደ ላታኖፕሮስት ያሉት ቆዳ ላይ ሲቆዩ ያጠቁራሉ፣ ሽፋሽፍትም ያሳድጋሉ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ እንዳያወጣው። የዓይን ቅባት ካለ መጨረሻ ላይ ነው።

ጠርሙሱ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። ብዙዎቹ የዓይን ጠብታዎች ከተከፈቱ 4 ሳምንት በኋላ፣ ፈሳሹ ቢተርፍም፣ ይጣላሉ፤ ካርቶኑ ላይ ያለው የመጠቀሚያ ጊዜ ላልተከፈተ ጠርሙስ ነው። ወረቀቱ ሌላ ጊዜ ከጠቀሰ የወረቀቱን ይከተሉ።

ስኳር መለካትና ኢንሱሊን

እዚህ ላይ ከእርስዎ እጅ ይልቅ የአባትዎ እጅ ይበልጣል። ብርቱካን ወይም ሙዝ ልጦ የበላ ሰው ጣት ላይ የሚቀረው ስኳር ዓይን አያየውም፤ መለኪያው ግን ያነበዋል። ስትሪፑ የሚፈልገው የደም ጠብታ በጣም ትንሽ ስለሆነ ጥቂት የፍራፍሬ ጭማቂ ቁጥሩን በብዙ ከፍ ያደርገዋል። በዚያ ቁጥር ተመርተው ኢንሱሊን ቢጨምሩ ስኳራቸው ወርዶ ሊያጥወለውላቸውና ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። የአልኮል ጥጥ አንዴ ማሳለፍም ስኳሩን አያስወግድም። ስለዚህ እጃቸው በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ጣት ደግሞ ደሙን ያቀጥንና ቁጥሩን ሊያሳስት ይችላል። መታጠብ በማይቻልበት ጊዜ የመጀመሪያውን ጠብታ በንጹሕ ሶፍት ጠርገው ሁለተኛውን ይለኩ። የጣቱን ጎን ይውጉ፣ መካከሉን አይውጉ፤ ሕመሙ ያንሳል። ደም እንዲወጣ ጣቱን አጥብቀው አይጭመቁ።

ያልተጠበቀ ቁጥር ካዩ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ 140 አካባቢ የነበረው ድንገት 320 ካሳየ፣ ኢንሱሊን ከመጨመርዎ በፊት እጃቸውን አሳጥበው በሌላ ጣት ይድገሙት።

መውጊያውም ፔኑም የአንድ ሰው ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ የስኳር ታማሚ ቢኖር፣ ኢንሱሊኑ አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ መርፌው አዲስ ቢሆንም ፔን አይጋሩም፤ ሲወጋ ደም ኢንሱሊኑ ወዳለበት ቱቦ (ካርትሪጅ) ሊመለስ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ስለሚቆይ የጋራ የጣት መውጊያ በሽታ አዛምቶ ያውቃል።

አወጋጉ ላይ፦ የፔኑን ጎማ በአልኮል ጥጥ ይጥረጉና እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ አዲስ መርፌ ይግጠሙ፤ 2 ዩኒት ወደ አየር ለቀው መርፌው ጫፍ ላይ ጠብታ መውጣቱን ይዩ። ደመናማ ኢንሱሊን ከሆነ ከዚህ በፊት በመዳፍ መካከል 10 ጊዜ ያንከባልሉት፣ 10 ጊዜ ደግሞ ገልበጥ ቀና ያድርጉት፤ አይናጥም። ንጹሕ ቆዳ በአልኮል መጠረግ የግድ አይደለም፤ ከጠረጉ ግን ይድረቅ፣ እርጥብ አልኮል ያቃጥላል። ቁልፉን እስከ መጨረሻ ተጭነው እስከ 10 ቆጥረው መርፌውን ያውጡ። ቦታውን በየጊዜው ቢያንስ በጣት ውፍረት ያህል ያራቁ፤ አንድ ቦታ ከተደጋገመ ቆዳው ይደድርና ኢንሱሊኑ በአግባቡ አይሠራጭም።

አስታማሚ የሚወጋው አብዛኛውን ጊዜ መርፌውን ከፔኑ ሲያወልቅ ነው። ክዳኑን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው መርፌውን ወደ ጣትዎ አይግፉ። ትልቁን የውጭ ክዳን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፣ ፔኑን በአንድ እጅ ይዘው መርፌውን ወደ ክዳኑ ያስገቡ፣ ከዚያ ፈትተው ወደ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሣጥን) ይጣሉ። ሴፍቲ ቦክስ ከሌለ ክዳን ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል፤ የስስ ውኃ ጠርሙስ ግን መርፌ ይበሳዋል። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል፤ ወደ ጤና ተቋም ይመለሳል። መርፌ ገጥሞ ማስቀመጥም አይገባም፤ አየር ይገባል፣ ኢንሱሊን ይንጠባጠባል፣ የሚቀጥለው መጠን ይሳሳታል።

ከተወጉ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ያጥቡት። አይጭመቁት፣ በአፍ አይምጠጡት። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ካስፈለገ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፤ በሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

ክሬሙ

«ትንሽ ቀባ አድርጉ» ከሚለው ይልቅ ልክ ያለው መለኪያ አለ። አፉ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱቦ ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተሰመረ ክሬም ግማሽ ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ቆዳ ይሸፍናል። የቱቦው አፍ የታመመውን ቆዳ አይንካ፤ ቆዳው ላይ ያለው ባክቴሪያ ወደ ቱቦው ይገባል። የቆርቆሮ ዕቃ ከሆነ በንጹሕ ማንኪያ ይቅዱ፣ በጣት አይዛቁ። ማለስለሻ ቅባትም የሚጠቀሙ ከሆነ በሁለቱ መካከል 30 ደቂቃ ያህል ልዩነት ይኑር፤ ካልሆነ ስቴሮይዱ ይቀጥንና ወደ ጤነኛው ቆዳ ይዛመታል። ከቀቡ በኋላ በሳሙና ይታጠቡ። የማይታጠበው የሚታከመው ራሱ እጅ የሆነበት ታማሚ ብቻ ነው፤ እሱ ቢታጠብማ መድኃኒቱን አጥቦ ጣለው። ለዚህ ክሬም ጓንት ግዴታ አይደለም። ባለቤትዎ እየቀቡ ከሆነ ግን ቢያደርጉ አይከፋም፤ በየቀኑ የሰው ስቴሮይድ በጣታቸው መቀበል አያስፈልጋቸውም።

ሜቶትሬክሴት

ይህ መድኃኒት ሕዋሳት እንዳይባዙ ያግዳል፤ ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚጠቅመውም፣ ፅንስን የሚጎዳውም በዚሁ ጠባዩ ነው። በመጠኑ አነስተኛ ቢሆንም የሚነካው ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ክኒኑን በእጅ መያዝ ጭራሽ አያስፈልግም። ከጠርሙስ ከሆነ ወደ ክዳኑ፣ ከማሸጊያ ከሆነ በቀጥታ ወደ ትንሽ የወረቀት ኩባያ ገፍተው ያውጡ፤ አባትዎ ራሳቸው ወደ አፋቸው ይጣሉት። እርስዎ የሚጣል ጓንት ያድርጉ። ክኒኑ ፈጽሞ አይሰበርም፣ አይፈጭም፤ ሲሰበር የሚነሣው ብናኝ ይተነፈሳል፣ ጠረጴዛ ላይም ይቀራል። መዋጥ ካቃታቸው ፋርማሲስቱን ፈሳሽ ዓይነቱን ይጠይቁ። ሲጨርሱ ጓንቱን ገልብጠው አውልቀው ይጣሉ፣ እጅዎን በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ። ብናኝ ከፈሰሰ አይጥረጉት፣ አይንፉበት፤ በእርጥብ ወረቀት አንሥተው ከጓንቱ ጋር በላስቲክ ውስጥ ቋጥረው ይጣሉት፣ ቦታውንም በሳሙና ውኃ ያጥቡ። ቆዳ ከነካ በሳሙና ይታጠባል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃ ይታጠብና ሐኪም ይታያል።

ባለቤትዎ እስከ ዛሬ አንድ ሁለት ጊዜ ያልተሰበረ ክኒን በጣታቸው ይዘው ከሆነ አይደንግጡ። ያልተሰበረ ክኒን በደረቅ እጅ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ ከመዋጥ ጋር አይወዳደርም። ለእርግዝና ክትትል ባለሙያቸው ግን ይንገሩ፤ ከእንግዲህም አይንኩ። መድኃኒቱ በሽንት ስለሚወጣ፣ አባትዎ ከወሰዱበት ሰዓት ጀምሮ ለ48 ሰዓት ያህል የሽንት ዕቃ፣ የረጠበ አንሶላና ትውከት የሚያነሣው ከባለቤትዎ ሌላ ሰው ይሁን፤ ግድ ከሆነ በጓንት፣ ከዚያም በሳሙና መታጠብ።

ከእጅ ንጽሕና ትንሽ ልውጣና፣ በዚህ መድኃኒት ሰው የሚሞትበት ስሕተት ሌላ ነው፤ ሳምንታዊው በየቀኑ ሲሰጥ። ሁለት አስታማሚ ባለበት ቤት፣ አንዱ የሰጠውን ሌላው ሳያውቅ ሊደግም ይችላል። ቀኑን በስሙ ይጻፉ፣ «ማክሰኞ ብቻ» ብለው ጠርሙሱ ላይ ይለጥፉ፣ ከሌሎች ክኒኖች ጋር በሳምንታዊው የክኒን ሣጥን ውስጥ አያቀላቅሉት። የአፍ ቁስለት፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት የሚወጣ ደም ወይም የቆዳ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ካዩ በዚያው ቀን ሐኪም ይደውሉ።

ስለ ጓንት

ጓንት የእጅ መታጠብን አይተካም። ዓይን የማያየው ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፣ ሲወልቅም ውጭው ቆዳ ይነካል፤ ስለዚህ ከመልበስ በፊትም ካወለቁ በኋላም ይታጠባሉ። ከሰው ሠራሽ ጎማ (ኒትራይል) የተሠራው ከተፈጥሮ ጎማ (ላቴክስ) ከተሠራው ይመረጣል፤ አለርጂ አያስነሣም ማለት ይቻላል። አንድ ጥንድ ለአንድ ሥራ ነው። ጓንት አድርጎ ሁሉንም የሚሠራ፣ በሩን የሚከፍት፣ መልሶ ክኒን የሚያነሣ ሰው ከባዶ እጅ የባሰ ይበክላል፤ ቆሻሻው ስለማይሰማው አይታጠብም። ጓንት ላይ ሳኒታይዘር ማሸትም አይመከርም፤ ላስቲኩን ያላላዋል።

ለሌሎች አንባቢዎች፣ ሕጉ የሚገለበጥበት አንድ መድኃኒት አለ፦ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው የፈንታኒል ማስታገሻ። ሙጫው ወይም ጄሉ እጅ ከነካ የሚታጠበው በውኃ ብቻ ነው፤ ሳሙናም አልኮልም መድኃኒቱ ወደ ቆዳ የሚገባበትን መጠን ሊጨምሩ ይችላሉ። ያገለገለው ልጣፍ ሕፃን ለመግደል የሚበቃ መድኃኒት ይቀርበታል፤ ሙጫውን በሙጫው ላይ አጥፈው ወዲያው ያስወግዱት። የቴስቶስትሮን ጄል የሚቀባ ሰው ደግሞ በሳሙና ይታጠብ፣ የቀባውን ቦታ በልብስ ይሸፍን፤ ከአባት ቆዳ ወደ ልጅ ቆዳ እየተላለፈ በሕፃናት ላይ ያለጊዜው የጉርምስና ምልክት አስከትሎ ያውቃል። የፕሮስቴት መድኃኒቶቹን ፊናስተራይድና ዱታስተራይድ ነፍሰ ጡር ሴት ተሰብረው ወይም ፈሰው ካገኘቻቸው አትንካቸው።

የመጨረሻው ስለ ቆዳዎ ነው። በቀን አሥርና ከዚያ በላይ ጊዜ የሚታጠብ እጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ጀርም ያስቀራል፣ ክሬሙንም ብናኙንም ከጤነኛ ቆዳ ይበልጥ ወደ ውስጥ ያስገባል። ሽታ የሌለው ማለስለሻ ከመጨረሻው መታጠብ በኋላና ማታ ይቀቡ። ከዓይን ጠብታውና ከስኳር ልኬቱ በፊት ግን አይቀቡ፤ ቅባት የነካው ጣት ጠርሙሱን ያዳልጠዋል፣ ስትሪፑንም ያበላሻል። ስንጥቁ ከደማ፣ እስኪድን ድረስ ለክሬሙም ለሜቶትሬክሴቱም ጓንት ያድርጉ።